አሮጌው ካነን 5ዲ፦ ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ስለዚህ ካሜራ በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ፤ እስቲ ያለኝን ሐሳብ አንድ ቦታ ላይ ላስቀምጠው። የማወራው ስለ ካነን ኢኦኤስ 5ዲ ነው፤ ስለ መጀመሪያው፣ ከስሙ ኋላ «ማርክ» የሚል ነገር ስለሌለበት ሞዴል። ፎቶ አንሺዎች «ክላሲክ» ይሉታል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቪዲዮ አይቀርጽም። ዋይፋይ የለውም። ስክሪኑን እያያችሁ ማንሳት አትችሉም፤ ስክሪኑ ራሱም ደብዛዛ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ፎቶ ማንሳት የሰለቸው ሰው «ምን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው ይኸው ካሜራ ነው።

ምክንያቴ አንድ ነው። አዲስ ካሜራ ብዙ ነገር ይወስንላችኋል፤ እሱ ያልወሰነውን ደግሞ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላችሁ ታስተካክሉታላችሁ። 5ዲ ውሳኔውን መልሶ እጃችሁ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ያውም ሻተሩን (የማንሻ ቁልፉን) ከመጫናችሁ በፊት። ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው? የማነሳው ሰው ከኔ ምን ያህል ይርቃል? የቱ ይጥራ፣ የቱ ይጥፋ? እነዚህን ጥያቄዎች ሳትመልሱ ብትጫኑት ፎቶው አይሆንም፤ ካሜራውም አይሸፍንላችሁም። የአሮጌ ካሜራ የፈጠራ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ውስጡ የተቀበረ ተአምር የለም።

እስቲ መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። በዘመኑ ፉል ፍሬም ሴንሰር፣ ማለትም የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚያክል ብርሃን ተቀባይ ያለው ዲጂታል ካሜራ ብርቅ ነበር። ካነን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው 1ዲኤስ ነበረ፤ እሱ ግን ግዙፍና ከባድ፣ ለባለሙያ ብቻ የታሰበ ነው። 5ዲ ያንኑ የሚያህል ሴንሰር አንድ ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ሲዞር ሊውል በሚችል ቁመና ውስጥ አስገባው። አካሉ የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ያለ ሌንስ 810 ግራም ይመዝናል። ቀላል አይደለም። ግን እጅ ላይ ሙሉ ነው፣ ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው፣ ያሉበትንም ጣት ቶሎ ይለምደዋል። ከላይ ትንሿ ስክሪን ላይ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ የቀረው ፎቶ ብዛት ይታያል። ከኋላ ያለው ትልቁ ጎማ በአውራ ጣት ይሽከረከራል። ሜኑው አንድ ረጅም ዝርዝር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ለማየት ብዙም ጊዜ አይወስድም። የዛሬ ካሜራ ሜኑ ውስጥ ገብቶ የጠፋ ሰው ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ ይገባዋል።

ሴንሰሩ 12.8 ሜጋፒክስል ነው። ይህን ቁጥር ሲሰሙ «ስልኬ እኮ ከዚህ ይበልጣል!» የሚሉ አሉ። በቁጥር ከሆነ አዎ፣ ይበልጣል። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ፎቶው 4368 በ2912 ፒክስል ነው። በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ ብታትሙት፣ ወደ 37 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ከኤ4 ወረቀት ይሰፋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀልና ራቅ ተብሎ ለሚታይ ፎቶ ከዚህም በላይ ማሳደግ ይቻላል። አብዛኛው ፎቶ ደግሞ የሚታየው ስልክ ላይ ነው። ጉድለቱ የሚሰማው ከፎቶው ትንሽ ቦታ ቆርጣችሁ ማስቀረት ስትፈልጉ ነው። ከሩቅ አንስቶ በኋላ መቁረጥ እዚህ አያዋጣም፤ መቅረብ ነው ያለባችሁ። በእግር መቅረብ ደግሞ ከሰው ጋር መነጋገርን ያመጣል፣ የሚታየውንም ማዕዘን ይለውጣል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

ከካሜራው ሁሉ የምወደው ግን መመልከቻውን ነው፤ ዓይን የሚለጠፍበትን ቪውፋይንደር። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። የምታዩት በሌንሱ በኩል ገብቶ፣ በመስተዋት ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣ ብርሃን ነው፤ ምንም ኤሌክትሮኒክስ በመካከል የለም። እና እዚህ ጋ ትልቁ ልዩነት ይመጣል። በዛሬዎቹ መስተዋት አልባ ካሜራዎች መመልከቻው ውስጥ ፎቶው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይታያችኋል፦ ከጨለመ ጨልሞ፣ ከበራ በርቶ። ስለዚህ ጎማውን እያሽከረከራችሁ «አሁን ልክ ነው» ሲል ትጫናላችሁ። ምቹ ነው፤ አልክድም። በ5ዲ መመልከቻ ግን ብርሃኑ እንዳለ ነው የሚታየው። ፎቶው ላይ ጥላው ጥቁር ይሆናል ወይስ ግራጫ? ከጀርባ ያለው ሰማይ ይቃጠላል ወይስ ይተርፋል? ይህን የሚነግራችሁ የለም። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው ማየት ያለባችሁ። መጀመሪያ ያስቸግራል። ቆይቶ ግን ካሜራ ሳትይዙ ጭምር መንገድ ላይ ስትሄዱ ግድግዳ ላይ ያረፈ ብርሃን ዓይታችሁ «ይሄ ፊት ላይ ቢያርፍ እንዲህ ይሆን ነበር» ማለት ትጀምራላችሁ። ማየት ማለት እኮ ይኼ ነው!

መመልከቻው ፎቶው ላይ ከሚገባው 96 በመቶውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ያላያችሁት ክንድ ወይም ምሰሶ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ዳር ዳሩን አስፍቶ ማሰብ ልማድ ይሆናል።

አይኤስኦን፣ ማለትም ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት በተመለከተ ይህ ካሜራ ጥብቅ ነው። ከ100 እስከ 1600 ነው መደበኛው፤ ሲፈቀድለት ወደ ታች 50፣ ወደ ላይ 3200 ይደርሳል። ሙሉ አውቶማቲክ ላይ ካላደረጋችሁት በቀር አይኤስኦውን ራሱ አይመርጥላችሁም። እናንተ ናችሁ የምታስገቡት። ከውጭ ወደ ክፍል ስትገቡ መቀየር፣ ስትወጡ መመለስ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሰውን ያነቃዋል፤ ወደ አንድ ቦታ በገባችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ሥራችሁ ብርሃኑን መለካት ይሆናልና።

መደበኛው ጣሪያ 1600 መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ለምሳሌ አንዲትን ትልቅ ሴት ክፍል ውስጥ እያነሳችሁ ነው እንበል፤ የተቀመጡት ጨለም ያለ ጥግ ላይ ነው። አዲስ ካሜራ ይዛችሁ ቢሆን አይኤስኦውን 6400 አድርጋችሁ እዚያው ባሉበት ታነሱና ትጨርሳላችሁ። በ5ዲ ግን «እማማ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉልኝ» ማለት ግድ ይላል። ይነሳሉ፣ ወንበሩ ይዞራል፣ ትንሽ ወሬ ይጀመራል። ብርሃኑ በአንድ ጉንጫቸው ላይ ያርፋል፣ ሌላው ጉንጭ ጥላ ውስጥ ይቀራል። የፊት ቅርጽ ይወጣል፣ የቆዳው መስመር ይታያል። ጥጉ ላይ ከተነሳው ፎቶ ጋር አይገናኝም። አዲሱን የያዘ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል፤ የሚያስገድደው ነገር ስለሌለ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያደርገውም።

የብርሃን ነገር ከተነሳ፣ የዚህን ሴንሰር ዋና ድክመት ልንገራችሁ። ሮው ፋይሉ፣ ማለትም ያልተቀነባበረው የሴንሰሩ መረጃ፣ የብርሃኑን ደረጃ የሚመዘግበው በ12 ቢት ነው። ጨለማውን ክፍል በኋላ ኤዲት እያደረጋችሁ ከፍ ለማድረግ ብትሞክሩ ኖይዝ (ጥቃቅን ነጠብጣብ) ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ መስመር መስመር የሠራ አስቀያሚ ነገር ይወጣል። የዛሬ ሴንሰሮች ጥቁር ከሚመስል ጥላ ውስጥ ዝርዝር ጎትተው ያወጣሉ፤ ይህ አይችልም። ነጩም ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው። እናም ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን መምረጥ አለባችሁ፦ ፊቱን ነው ወይስ ሰማዩን? ፊቱን ከመረጣችሁ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ሰማዩን ከመረጣችሁ ሰውየው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል። እኔ በተቃራኒው፣ ሁሉም ነገር እኩል የሚታይበት ፎቶ ይሰለቸኛል፤ ዓይን የት ማረፍ እንዳለበት አያውቅም። ጥላ ጥላ ሆኖ ሲቀር ፎቶው የሚናገረው ነገር ይጠራል። የሚያምሩ የጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ለዚህ ካሜራ የሚመቹትም ለዚህ ይመስለኛል፤ አስቀድማችሁ በብርሃንና በጥላ ስታስቡ ቀለሙ ትርፍ ይሆናል።

ስክሪኑ 2.5 ኢንች ነው፣ 230 ሺህ ነጥብ። በፀሐይ ምንም አይታይበትም። ቀለሙን አትመኑት፤ አረንጓዴው አረንጓዴ አይደለም፣ ጥርት ያለውና ብዥ ያለው ፎቶ አይለይም። የሚጠቅመው ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ለማየትና የተቃጠለ ቦታ ብልጭ ድርግም ሲል ለማወቅ ነው፤ ለዚያ ይበቃል። ይህ ደብዛዛ ስክሪን የሚያመጣውን ለውጥ ግን አትናቁት። በየፎቶው አንገት ደፍቶ ማየት ይቀራል። ዓይናችሁ ከፊታችሁ ካለው ሰው አይነሳም፣ እሱም በየደቂቃው አይቀዘቅዝባችሁም። ፎቶዎቹን የምታዩት በኋላ፣ ስሜቱ ከበረደ ወዲያ፣ በትልቅ ስክሪን ነው፤ ያኔ የምትመርጡት ፎቶ ለማንሳት የለፋችሁበትን ሳይሆን ጥሩ የሆነውን ነው። በፊልም የሚያነሱ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። 5ዲ የፊልም ወጪና የማጠቢያ ጣጣ ሳይኖርበት የዚያን ሥራ ግማሹን ይሠራል።

አውቶፎከሱ ላይ ግን ልጨክን። 9 ነጥቦች አሉት፤ በተጨማሪ የማይታዩ 6 ረዳት ነጥቦች አሉ። ሁሉም መሐል አካባቢ የተሰበሰቡ ናቸው። አስተማማኙ የመሐሉ ነው፤ ዳር ያሉት ብርሃን ሲቀንስ ያመነታሉ። ብዙ ሰው በመሐሉ ነጥብ ዓይን ላይ ፎከስ ያደርግና ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ ፎቶውን ያቀናብራል። ይህ በኤፍ/4 ችግር የለውም (ከኤፍ ኋላ ያለው ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የሚጠራው ቦታም ይጠባል)። አፐርቸሩን ኤፍ/1.8 ከፍታችሁ ከቅርብ ስታነሱ ግን፣ ካሜራው ሲዞር የጠራው መስመርም አብሮ ስለሚሸሽ፣ ዓይኑ ቀርቶ ጆሮው ይጠራል። መፍትሔው ወይ አፐርቸሩን እስከ ኤፍ/2.8 መዝጋት ነው፣ ወይ ወደ ሰውየው የቀረበውን ነጥብ መርጦ ትንሽ ብቻ ማዞር። ይህን ድክመት ማሞገስ አልፈልግም። ሰውን ሁልጊዜ መሐል ላይ ወደማስቀመጥ ይገፋችኋል፤ ልብ ካላላችሁ ፎቶዎቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ዓይን ፈልጎ የሚይዝ አውቶፎከስ የለመደ ሰው እዚህ ላይ መበሳጨቱ አይቀርም፤ እውነት አለው።

ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ፎቶ ነው። ልጅ ሲዘል፣ ኳስ ሲመታ ለመያዝ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ በሉ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብረሶን በዓለም የታወቁትን የመንገድ ላይ ፎቶዎች ያነሳው ላይካ በምትባል ትንሽ የፊልም ካሜራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፊልሙን በየፎቶው በእጁ እያዞረ። የሱ ሥራ ቅጽበቷን አስቀድሞ መጠበቅ ነበር። በሰከንድ 20 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሲያዝ መጠበቅ ይቀርና መምረጥ ይተካል፤ ቤት ገብቶ ከመቶዎቹ አንዱን መምረጥ። ሁለቱም ሥራ ነው፤ ግን የተለያየ ሥራ ነው። መጠበቅን መማር ለሚፈልግ 3 ይበቃዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ አሮጌ ሌንሶች። እንደ 5ዲ ያለ፣ ኢኤፍ የሚባለውን የሌንስ መግጠሚያ የሚጠቀም የካነን ካሜራ ከሌንስ ማስቀመጫው እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርስ የሚጠመዘዙት የድሮዎቹ ኤም42 ሌንሶች የሚፈልጉት ደግሞ 45.46 ነው። ልዩነቷ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ናት፤ በዚያች መሐል ምንም ብርጭቆ የሌለው ቀጭን የብረት ቀለበት ይገባል፣ ሌንሱም ከቅርብ እስከ ሩቅ ድረስ ፎከስ ያደርጋል። የኒኮን ኤፍ ሌንሶችም 46.5 ስለሚፈልጉ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። ሰው ሳጥን ውስጥ ረስቷቸው የኖሩ ሌንሶች እዚህ ካሜራ ላይ ሕይወት ይዘራሉ።

ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ በሶቪየት ኅብረት በብዛት የተመረተ፣ የጀርመኑን የዛይስ ቢዮታር ንድፍ ተከትሎ የተሠራ፣ 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2። ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁት ሰውን ከቅርብ፣ ከጀርባው ቅጠል እያለ ስታነሱ፣ ያ ቅጠል ብዥ ብሎ በሰውየው ዙሪያ እንደ አዙሪት ይሽከረከራል። ምክንያቱ ከዳር የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ አካል በከፊል ስለሚጋረድ ነው፤ መሐል ላይ ክብ የሆነው የብርሃን ነጥብ ወደ ዳር ሲሄድ እየጠበበ እንቁላል ይመስላል፣ እነዚህ እንቁላሎች ደግሞ በመሐሉ ዙሪያ ይደረደራሉ። በትንንሽ ሴንሰር ካሜራዎች ላይ ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ አዙሪቱ በአብዛኛው ይጠፋል። በ5ዲ ላይ ግን ሙሉው አለ። ፀሐይ ከፊት ሲመታው ፎቶው ጉም ይለብሳል፣ ቀለሙ ይለሰልሳል። በጥራት መለኪያ ብትለኩት ደካማ ሌንስ ነው። ለአንዳንድ ፊት፣ ለአንዳንድ ሰዓት ግን ከየትኛውም አዲስ ሌንስ በላይ የሚናገር ነው። በየፎቶው ካልተጠቀማችሁበት ነው ውበቱ የሚቆየው፤ ሁሌ አዙሪት የሚታይበት የፎቶ ስብስብ ቶሎ ያደክማል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ካሜራው ሌንስ እንደተገጠመለት ስለማያውቅ አፐርቸሩን 00 ብሎ ያሳያችኋል። አፐርቸሩን ሌንሱ ላይ በእጅ ትዘጋላችሁ፣ ካሜራውን ኤቪ የሚባለው ምርጫ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ሻተሩን ራሱ ይለካል። ከባዱ ፎከሱ ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የፎከስ መስታወት፣ ማለትም መመልከቻው ውስጥ ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ፣ አውቶፎከስ ላለው ሌንስ የተሠራ ስለሆነ፣ በኤፍ/2 ያለው ጥራት የት ላይ እንደሆነ በደንብ አያሳይም። ካነን ለዚህ ካሜራ ኢኢ-ኤስ የሚባል የሚቀየር መስታወት ሠርቶለት ነበር፤ ካገኛችሁት በእጅ ፎከስ ለምታደርጉበት ሥራ በጣም ይረዳል፤ ቀይራችሁ ስታበቁ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የትኛው እንደተገጠመ ለካሜራው መንገር አለባችሁ፣ አለዚያ የብርሃን ልኬቱ ይዛባል። በኤፍ/4 ወይም በኤፍ/5.6 ለሚጀምር ዙም ሌንስ ግን መመልከቻውን ስለሚያጨልመው አይመችም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፉል ፍሬም መስተዋት ትልቅ ነው፤ የአንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ጀርባ ደግሞ ሩቅ ፎከስ ሲደረግ ወደ ውስጥ ይገባል። ሊጋጩ ይችላሉ። አዲስ የገዛችሁትን አሮጌ ሌንስ ስትገጥሙ ከቅርብ ፎከስ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሩቅ ውሰዱት፤ መስተዋቱ ሲነሳ የሚያዝ ከመሰለ እዚያው አቁሙ። ሌላው ቢጫ የሆነ ሌንስ ነው፤ አንዳንዶቹ የፔንታክስ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.4 ሌንሶች ውስጥ ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት ብርጭቆ ስላለ በዘመን ብዛት ይቢጫሉ። በአልትራቫዮሌት መብራት ወይም በፀሐይ ሲቆዩ ይነጻሉ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ለሚያነሳ ሰው ግን ቢጫነቱም ችግር አይሆንም።

ስለ ቀለሙ ብዙ ይወራል። «የ5ዲ ቀለም የትም አይገኝም፣ የድሮ ሴንሰር ነፍስ አለው» ሲባል ትሰማላችሁ። የቆዳ ቀለም ላይ ደስ የሚል ፋይል እንደሚያወጣ እኔም እስማማለሁ፤ ጥቁር ቆዳ በመስኮት ብርሃን ሲነሳ ከቡናማ ወደ ጥቁር የሚሄደው ሽግግር ለስላሳ ነው። ነገር ግን ቀለም የሚመጣው ከሴንሰሩ ብቻ አይደለም። ሴንሰሩ ላይ ያለው የቀለም ማጣሪያ፣ ሮው ፋይሉን የሚከፍተው ሶፍትዌር፣ የነጭ ሚዛኑ፣ ሌንሱ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ጥሩ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ከአዲስ ካሜራ ፋይልም በጣም የተቀራረበ ነገር ያወጣል። ስለዚህ ለቀለሙ ብላችሁ አትግዙት። ቀለም ፍለጋ የገዛው ሰው ያለፈ የካሜራ ሞዴል ሲያሳድድ ይኖራል፤ ዛሬ 5ዲ፣ ነገ ሌላ።

«አዲሱን ካሜራዬን ለምን እንደ አሮጌ አልጠቀምበትም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስክሪኑን አጥፉት፣ አይኤስኦውን ቆልፉት፣ አንድ ሌንስ ብቻ ያዙ። ይቻላል፤ ልማዱ ያላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ይህን ካሜራ መግዛት አያስፈልጋቸውም። ለብዙዎቻችን ግን የሚከብደው ቁልፉ እዚያው ጣት ሥር መሆኑ ነው። ብርሃን ሲጠፋ አንዷን ጎማ ማዞር ሲቻል፣ ተነስቶ መጋረጃ የሚከፍት ጥቂት ነው። ከላዩ ላይ የአሮጌ ፎቶ የሚመስል ፊልተር መጨመርም ሌላ ነገር ነው። ፊልተሩ የሚመጣው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ የቆማችሁበትን ቦታ፣ የመረጣችሁትን ሰዓት፣ ሰውየው የተቀመጠበትን ወንበር አይለውጥም።

ለማን አይሆንም? ሠርግ ለሚያነሳ፣ ደንበኛ ለሚጠብቀው ሰው እንደ ዋና ካሜራ አልመክርም። ካርድ የሚቀበለው አንድ ብቻ ነው፤ ካርዱ ቢበላሽ መጠባበቂያ የለም። ቪዲዮ የሚፈልግ ቢያንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን ማርክ 2 ይመልከት፤ 21.1 ሜጋፒክስል ነው፣ ቪዲዮም ይቀርጻል። ስፖርት፣ የምሽት መድረክ፣ የሚሮጥ ሕፃን፣ እነዚህ ዋና ሥራችሁ ከሆኑ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ካሜራ ይዞ የማያውቅ ጀማሪስ? ትዕግሥት ካለው ጥሩ አስተማሪ ነው። ትዕግሥት ከሌለው ግን በሳምንቱ ወደ ስልኩ ይመለሳል፣ በዚያም አልፈርድበትም።

ለመግዛት የወሰናችሁ እንግዲህ እነዚህን እዩ። መጀመሪያ መስተዋቱን። ይህ ሞዴል መስተዋቱን የያዘው ማጣበቂያ ከጊዜ ብዛት እየላላ መስተዋቱ የሚወድቅበት የታወቀ ችግር አለበት፤ ካነንም በዘመኑ በነፃ የሚያጠናክርበት አገልግሎት ነበረው። ሻጩን «መስተዋቱ ተጠናክሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሌንሱን አውጥታችሁም መስተዋቱ ቀጥ ብሎ መቀመጡን ተመልከቱ። ሻተሩ የተሠራው 100 ሺህ ጊዜ እንዲቆርጥ ታስቦ ነው። ይህ አማካይ ግምት ነው፣ አንዳንዱ ቀድሞ ይሞታል፣ አንዳንዱ እጥፉን ይሄዳል። የፎቶውን ፋይል ቁጥር ዓይታችሁ «4 ሺህ ብቻ ነው የተነሳበት» የሚላችሁን አትመኑ፤ ቁጥሩ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ይልቅ የተለያየ ፍጥነት ላይ እያደረጋችሁ አንሱበት፣ በተለይ በ1/8000 ሰከንድ፤ ፎቶው ላይ የጨለመ መስመር ካለ ሻተሩ ደክሟል።

ቀጥሎ ሴንሰሩን። ራሱን የሚያጸዳበት ዘዴ የለውም፤ አቧራ ይሰበስባል። አፐርቸሩን ኤፍ/16 ላይ አድርጋችሁ ንጹሕ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱና ፎቶውን አሳድጋችሁ እዩ። ግራጫ ነጠብጣብ ካለ አቧራ ነው፤ አትደናገጡ፣ ይጸዳል። ሜኑው ውስጥ መስተዋቱን አንስቶ የሚያቆይ የማጽጃ ምርጫ አለ፤ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ በጎማ መንፊያ ንፉት። በአፍ እፍ ማለት አይሆንም፣ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። የማይለቅ ጭረት ካለ ግን ካሜራውን ተዉት።

የካርድ መክተቻውንም በባትሪ መብራት እዩ። የሚወስደው ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ትልቁን ካርድ ነው፤ ውስጡ ቀጫጭን መርፌዎች አሉ፣ አንዷ ከታጠፈች ሥራ የለም። ካርዱን ሁሌ ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትታገሉ አስገቡ። የዛሬ ኮምፒውተሮች ይህን ካርድ አይቀበሉምና ማንበቢያውን አብራችሁ ፈልጉ። ትልቅ ካርድ አያስፈልግም፤ አንድ ሮው ፋይል ወደ 13 ሜጋባይት ብቻ ነው። ባትሪው ቢፒ-511ኤ ይባላል፤ 20ዲን፣ 30ዲን፣ 40ዲንና 50ዲን ጨምሮ ብዙ የካነን ካሜራዎች የተጠቀሙበት ስለሆነ ዛሬም ተመሳሳዩ ይገኛል። የድሮው ባትሪ ቶሎ የሚጨርስ ከሆነ ካሜራውን አትውቀሱ፣ አዲስ ቀይሩለት። ሰዓትና ቀኑን እየረሳ ካስቸገረ ደግሞ ውስጡ ያለችው ትንሿ ሲአር2016 ባትሪ አልቃለች ማለት ነው።

ሌንስን በተመለከተ፣ ሄሊዮስን ያህል ባደንቅም በሱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 ይኑራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ባለ ፕላስቲኩ ስሪት 130 ግራም ብቻ ነው፤ ፎከሱ ይጮሃል፣ ከጀርባ ያሉ መብራቶችንም ባለ አምስት ማዕዘን ያደርጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤስቲኤም ስሪት ጸጥ ያለ ነው፣ መብራቶቹንም ክብ ያደርጋል፣ እሱም 5ዲ ላይ ያለ ችግር ይገጥማል። አቅማችሁ ከፈቀደ ሁለተኛውን ውሰዱ። ኤፍ/2.8 ላይ ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። በዚህ አንድ ሌንስ ርቀቱን እስክትለምዱት፣ ማለትም ካሜራውን ሳታነሱ ገና ምን እንደሚገባ በዓይናችሁ እስክታውቁት ድረስ ቆዩ፤ በእጅ ፎከስ የሚደረገውን አሮጌ ሌንስ ከዚያ በኋላ ጨምሩበት።